ከግድግዳው ወዲያ የተቀመጠው አደራ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ሲባል ስሰማ እኔን አይተው ያወጡት ተረት ይመስለኛል። እናቴም በልጅነቴ «ያንቺ ቂም ከጥርስሽ ቀድሞ ነው የበቀለው» ትለኝ ነበር። አላፍርበትም። ቂም የማይዝ ሰው ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ግን የባለቤቴ ሚዜ በእኔ ላይ ያደረገውን ቢያደርጉበት ምን እንደሚል መጀመሪያ ልስማው። ያ ሰው በሽማግሌ ፊት ሶፋዬ ላይ እስኪቀመጥልኝ ድረስ ወራት ጠብቄአለሁ። እየጠበቅሁም የሆቴል አልጋ አንጥፌአለሁ፣ የማላውቀው ሰው የታጠበበትን ገንዳ ፈትጌአለሁ፣ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ስቄአለሁ። ሆዴ ውስጥ ግን እሱ ብቻ ነበር።

ቤታችን ላስ ቬጋስ፣ ሰንራይዝ ማነር የሚባለው ሰፈር ነው። ጋራዡ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ የጋራዡ የውስጥ ግድግዳና የልጄ መኝታ ክፍል ግድግዳ አንድ ነው። ስስ ነው፤ ወዲህ የሳለ ሰው ወዲያ ይሰማል። ባለቤቴ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎቹ ሰው የሚያመላልስ ሹትል ይነዳል። ከሺፍቱ ሲመለስ መኪናውን ጋራዥ ያስገባና ግድግዳውን ኳ ኳ ኳ ያደርገዋል። ልጄም አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች በትንሿ ቡጢዋ ኳ ኳ ኳ ብላ ትመልሳለች። እሷ ቀድማ የመኪናውን ድምፅ ከሰማች ደግሞ እሷ ትመታለች፣ እሱ ይመልሳል። ማን እንደጀመረው አላስታውስም። መልስ ሳይሰማ ግን በበሩ ገብቶ አያውቅም።

ሚዜው ከደሴ ጀምሮ ጓደኛው ነው። በሠርጋችን ቀን ከእናቴ ቤት እጄን ይዞ ያወጣኝ እሱ ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ሙሽሪት» እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር። ወደዚህ አገር ስንመጣም ኤርፖርት ቆሞ የተቀበለን እሱ ነበር። ታክሲ ይነዳል፤ የእረፍት ቀኑን ደግሞ ኢላማ ሲተኩስ ይውላል። በቦልደር ሲቲ በኩል ወዳለው በረሃ ሄዶ ይተኩስና የወደቀውን ባዶ የጥይት ቀለህ ለቃቅሞ ያመጣዋል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ አዲስ ባሩድና አዲስ እርሳስ ይሞላበታል። እዚህ አገር ሕጋዊ ነው፤ ዓሣ እንደ ማጥመድ ነው የሚያዩት። «ይሄ ሥራ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እንደኔ ዓይነት ሰው ነው የሚችለው» እያለ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይኮራበት ነበር።

ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ስትወልድ እኔ ነኝ ያረስኳት። ገንፎ አገንፍቻለሁ፤ ንጥር ቅቤም በትልቅ የላስቲክ ዕቃ ሞልቼ ሰጥቻለሁ። ከአርባዋ በኋላ ሚዜው ካርቶኖችና የብረት ሣጥኖች በመኪናው ጭኖ መጣ።

«ሙሽሪት፣ አፓርታማው ጠበበን» አለኝ። «ሰፋ ያለ ቤት እስክናገኝ ይቺን ዕቃ ጋራዣችሁ ውስጥ ሆልድ አድርጉልኝ። አደራ።»

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ያው የኔ ነገር ነው፤ ጥይት ምናምን። ሁሉም ታሽጓል። ኖ ፕሮብሌም።»

ጠመንጃ የሌለው ጥይት ከሚስማር አይለይም ብለን አሰብን። ዕቃውን በገዛ እጁ ደረደረው። ጋራዡ ውስጥ ያለው መደርደሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የልጄ አልጋ ራስጌ ባለበት ግድግዳ ላይ ተመትቷል። አጠገቡ በጋዝ የሚሠራው የውሃ ማሞቂያ ቆሟል፤ ከሥሩ ቀን ከሌት የምትነድ ትንሽ እሳት አለችው። ሁሉንም አይቷል። የግድግዳውን ኳኳታም ያውቀዋል፤ ስንት ጊዜ ሰምቶ «እናንተ ቤት ስልክ የለም እንዴ?» ብሎ ስቆብናል።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ተብለን ነው ያደግነው። አባቴ ጎረቤት ያስቀመጠበትን ጆንያ ነቀዝ ሲጨርሰው ዓይኑ እያየ አልፈታም። ዱቄቱ በስፌቱ በኩል ሲፈስ እናቴ ፍታውና አስጣው ብትለው «ያሰረው ሰው ይፍታው» አላት። እኛ ቤት ይህ የሚወራው እንደ ሞኝነት ሳይሆን እንደ ክብር ነበር። እኔም ያንን ክብር ተሸክሜ ባሕር ተሻገርኩ። ያንን መደርደሪያ ስጠርግ እንኳ አቧራውን ከካርቶኖቹ ላይ በለስላሳ ጨርቅ እያነሳሁ ቴፑን አልነካም ነበር።

ሁለት ሰመር አለፈ። የላስ ቬጋስን ሰመር የማያውቅ ሰው ጋራዥ ማለት ምን እንደሆነ አይገባውም። የልጄ የቀለም እርሳሶች እዚያ ተረስተው ውለው ቀልጠው አንድ ላይ ተጣብቀው አግኝቻለሁ። ሚዜው በነዚያ ወራት ሁሉ ይመጣል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ የልጄን ግንባር ይስማል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን እንኳ «እስቲ ዕቃዬን ልየው» አላለም።

በሁለተኛው ሰመር መጨረሻ ላይ ልብስ ላጥብ ጋራዥ ስገባ አንድ የሚቆጠቁጥ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የሞተ አይጥ መሰለኝ፤ አልነበረም። ከዚያ ጋዝ መሰለኝ፤ እሱም አይደለም። እንደ ሆምጣጤ ይኮመጥጣል። አፍንጫዬን ተከትዬ ካርቶኑ ጋ ስደርስ ሥሩ ወይቧል። የአባቴን ጆንያ አሰብኩ። ቀጥሎ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ትራስ አሰብኩና ቢስሚላህ ብዬ ቴፑን ቀደድኩት።

ከላይ ያገኘሁት የራሴን የቅቤ ዕቃ ነው። ክዳኑ ላይ የለጠፍኩት ቀይ ቴፕ እንኳ አልተነሳም። እኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ቢያንስ እፍኝ ቆሎ ይጨመርበታል። እሱም ባዶውን አልመለሰውም፤ ባሩድ ሞልቶ መለሰልኝ። ጥቁሩ ባሩድ ላይ የዛገ ብረት የሚመስል አቧራ ወጥቶበታል፤ ሽታውም ከዚያ ነው። ከጎኑ የማር ጠርሙስ አለ፤ ውስጡ ጥይት ከኋላዋ ስትመታ እሳት የምትጭርባት ትንሿ የናስ ቆብ እንደ ምስር ታጭቃለች። ከሥር ከፋብሪካ እንደታሸገ ያለ ባሩድ፣ በየፓኬታቸው ያሉ ሌሎች ቆቦች፣ ሙሉ ጥይትና የመሙያው መሣሪያ ነበሩ።

ልጄን እዚያው እንዲያቆዩልኝ ለትምህርት ቤቷ ነግሬ ለእሳት አደጋ ደወልኩ። መጥተው ከቤት አስወጡኝ፤ ከዚያ የፈንጂ ባለሙያዎች ጠርተው የቅቤ ዕቃውንና ጠርሙሱን በጥንቃቄ ወሰዱ፤ ከፋብሪካ የታሸገውን ተዉት። ባሩድ ከራሱ ቆርቆሮ ወጥቶ በሌላ ዕቃ አይቀመጥም አሉኝ፤ ምን ዓይነት እንደሆነና ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ የሚያውቅ ይጠፋል። ሙቀት ያበላሸዋል፤ ሲበላሽ ደግሞ ከውስጡ ራሱን እያሞቀ ይሄዳል። ቆቦቹ ተዛዝለው በጠርሙስ ከታጨቁ አንዷ ከተመታች ሁሉም አብረው ይነሳሉ፤ ጠርሙሱም ስብርባሪ ሆኖ ይበተናል። ሽበት ያለው አንዱ ሰውዬ መደርደሪያውን ሲያይ ቆየና «ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ማን ይተኛል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ልጄ» አልኩት።

ጓንቱን አወለቀና መልሶ አጠለቀው። እኔ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ቀን፣ ስንት ማታ ከዚያ ጠርሙስ ጀርባ በቡጢዋ እንደደበደበች አሰብኩ። አባቷም በዚህ በኩል ሲደበድብ ነበር።

ባለቤቴ መጥቶ ስነግረው መጀመሪያ ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ምነው ሳትከፍቺው ብትደውዪለት?» አለኝ። እዚያው ባለቤቴ ፊት ሚዜው ጋ ደወልኩ። ልጅቷ ደህና ናት ወይ ብሎ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር።

«ሙሽሪት፣ አደራዬን ከፈትሽው?» አለኝ። «ለመንግሥት አሳልፈሽ ሰጠሽው? አንቺ ስለዚህ ነገር ምን ታውቂያለሽ?»

ስልኩን ዘጋሁበት። እሱ ግን አፉን አልዘጋም። በሳምንቱ አደራ በላች የሚለው ወሬ ከታክሲ ተራው እስከ ሆቴሎቹ ጓዳ ተዳረሰ። ከእኛ ሰው ጋር ለኖረ አደራ በላ ከመባል ሰረቀ መባል ይሻላል። ዒድ ዕለት በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ አንዲት ሴት መታጠቢያ ቤት ልትሄድ ስትል ቦርሳዋን አቀበለችኝና «አደራ፣ እንዳትከፍቺብኝ» አለች። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቦርሳዋን ጭኔ ላይ አድርጌ እስክትመለስ ድረስ እርር ድብን ስል ማንም አላወቀልኝም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። በዚያን ሰዓት ማልኩ፤ ያ ሰው የተናገረውን በገዛ አፉ ያፈርሰዋል።

ቀጥሎ ያደረግሁት ነገር ለባለቤቴ እንኳ አልገባውም። የቀረውን ዕቃ ከመጣል ፈንታ እንደ እንቁላል መያዝ ጀመርኩ። አንድ ጥይት ብትጎድል ሰውየው እውነቱን ነበር ይባላል፤ ይህንን ደስታ አልሰጠውም። መሣሪያ ወደሚሸጡበት ሱቅ ሄጄ ጠየቅሁ፣ አነበብኩ። ከልጄ ክፍል በጣም የራቀውን፣ ኤሲው የሚደርስበትን የኮሪደር ቁም ሣጥን ባዶ አደረግሁ። የታሸገውን ባሩድ በራሱ ቆርቆሮ እንዳለ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሣጥን አስቀመጥኩት፤ ወፍራም ብረት ውስጥ ከታፈነ እሳት ሲነካው እንደ ቦምብ ይሆናል፣ እንጨት ግን ቶሎ ይለቀዋል። ቆቦቹን ከነፓኬታቸው ለብቻ፣ በሌላ ክፍል ከፍ አድርጌ ቆለፍኩባቸው። ጥይቱን ደረቅ ቦታ አኖርኩት። ቁልፎቹን አንገቴ ላይ አሰርኩ፤ ሥራ ቦታ አልጋ ሳነጥፍ ደረቴ ላይ ይቀዘቅዙኝ ነበር። ስለዚህ ነገር ምን ታውቂያለሽ ያለኝን ሰው ዕቃ ከእኔ በተሻለ የያዘለት የለም።

ባለቤቴ ለጥቂት ቀናት ግድግዳውን አልመታም። በቀጥታ በበሩ ይገባና ልጅቷን ያቅፋል። እሷ አኮረፈች፤ «አባዬ ለምን ኖክ አያደርግም?» አለችኝ። መደርደሪያው ባዶ መሆኑን በእጁ ዳብሶ ካረጋገጠ በኋላ ነው እንደገና የጀመረው።

አንድ ቀን የሚዜውን ሚስት ልጠይቅ አፓርታማቸው ሄድኩ። ከእሷ ጋር ጠብ የለንም፤ ልጅ ይዛ ቤት ስለምትውል የአደራው ወሬም የደረሳት አይመስልም። ልጇን ስናጫውት በረንዳው ላይ ያለው የዕቃ ክፍል በሩ ክፍት ነበርና ዓይኔ ገባ። ባዶ ነው፤ አንድ የልጅ ብስክሌት ብቻ ቆሟል።

«ቤቱ ጠበበን ስትሉ ነበር፤ ሰፊ አይደል እንዴ?» አልኳት።

«ማን ጠበበን አለ?» አለችኝ። «ያንን የጥይት ነገሩን ብቻ ነው ያስወጣሁት። ልጅ ያለበት ቤት አይገባም ብዬ እምቢ ስለው ሸጠው። ተገላገልኩ።»

አልሸጠውም፣ ከልጄ ራስጌ አስቀመጠው ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዋጥኩት። ከእኔ አፍ ከወጣ ወሬ ነው፤ ከእሱ አፍ እንዲወጣ ነው የፈለግሁት። ጥንቃቄ የሚያውቀው ሰው ሳያውቅ አልነበረም ያስቀመጠው። አውቆ፣ ልጁን ከልጄ አስበልጦ ነበር።

ሽማግሌ የላከው ራሱ ነው። ይቅርታ ትጠይቀኝና ዕቃዬን ትመልስልኝ ብሎ። አርብ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ መጣና ሶፋዬ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። ትልቁ ሽማግሌ በእድሜም በዲንም ሁላችን የምናከብራቸው አባት ናቸው፤ ሙስባሃቸውን እየቆጠሩ ዱዓ አደረጉና ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የሰው አደራ ከፍተሽ አሳልፈሽ ሰጥተሻል የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አባባ» አልኩ። «የተበላሸውን ሰጥቻለሁ። የቀረው አንድ ሳይጎድል አለ። እርስዎ እያዩ ዛሬ ልመልስለት።»

ቁልፎቹን ከአንገቴ አወለቅሁ። ባለቤቴ አንድ በአንድ እያወጣ ምንጣፉ ላይ ደረደረው። ሽማግሌዎቹ እግራቸውን ሰበሰቡ። ሚዜው ጎንበስ ብሎ ቼክ አደረገ፤ ፓኬቶቹን ቆጠረ፣ የእንጨት ሣጥኑን ከፍቶ ዘጋ። ፊቱ በራ።

«ወላሂ በደንብ ይዘሽዋል፣ ሙሽሪት» አለኝ።

«ቤትህ ድረስ እናምጣልሃ» አልኩት፣ ድምፄን አለስልሼ። «የት እንደምናስቀምጠው ብቻ ንገረን።»

«አይ፣ ቤት አይሆንም። ለጊዜው ሌላ ሰው ጋ አስቀምጠዋለሁ።»

«ለምን? የዕቃ ክፍላችሁ ባዶ ነው። አይቼዋለሁ።»

«ኧረ ቤትማ ልጅ አለ፤ እንዴት ተደርጎ…»

እዚያ ላይ ቆመ። የሽማግሌው ጣት ሙስባሃው ላይ ቀረ። ባለቤቴ ቀና ብሎ ሚዜውን አየው። ለስንት ወራት ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው፤ ወላሂ ከማር ጣፈጠኝ።

«ቤትህ ልጅ አለ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «እዚህስ?»

«ጋራዥ ነው እኮ፣ አባባ። ከቤት ውጪ ነው።»

ሽማግሌው ሙስባሃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ዕቃህን አንሳ» አሉት። «ራስህ አንሳ፤ ማንም አያግዝህ።»

መኪናውን ጋራዡ በር ላይ አስጠግቶ አቆመ። እኔ ከቤት ወደ ጋራዥ በሚያስገባው በር ላይ ቆሜ ሲመላለስ አየሁት። ላቡ በአንገቱ ወረደ። የመጨረሻው የብረት ሣጥን ከበደውና ትንፋሽ ሊወስድ ያ አሮጌ መደርደሪያ ላይ አሳረፈው።

ያን ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ ኳ ኳ ኳ አለ።

ልጄ ናት። ከትምህርት ቤት ተመልሳ ክፍሏ ውስጥ ነበረች፤ የጋራዡ በር ሲከፈትና የሰው ኮቴ ስትሰማ አባቷ የገባ መስሏታል። ድምፁ የመጣው ሣጥኑ ካረፈበት እኩል፣ ከእሱ ደረት ፊት ለፊት ነው። ሁለት እጁን ሣጥኑ ላይ እንደጫነ ደረቀ። ከንፈሩ አመድ መሰለ።

እንደገና ኳ ኳ ኳ አለች።

«መልስላት» አልኩት። «ስትመታ ይመለስላታል፤ ታውቅ የለ።»

አንድ እጁን አነሳ። ግድግዳው ጋ ሳይደርስ መልሶ አወረደው። ልጄ ሦስተኛ መታች፤ መልስ ካልሰማች አትተውም። ባለቤቴ ከኋላዬ መጣና በጎኔ አልፎ፣ ሚዜውን ሳያየው፣ ከሣጥኑ በላይ እጁን ዘርግቶ ግድግዳውን መታላት። ወዲያ ማዶ ሳቋ ተሰማ።

«አፉ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ» አለኝ ሚዜው። በዚህ ጊዜ ሙሽሪት አላለኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራኝ። ሽማግሌዎቹም ከኋላዬ ሆነው አፉ ብያለሁ እንድል አፌን ይጠብቁ ነበር።

«ሣጥንህን እንዳትረሳ» አልኩትና በሩን ዘጋሁ።